«ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል»፦ መልካቸው የሚያሳስት ሁለት ቃላት



በፋብሪካና በዕቃ ግምጃ ቤት አንድን ቃል አሳስቶ መረዳት የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሕይወትና ንብረት ሊያጠፋ ይችላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑት በቤንዚን፣ በአልኮልና በቀለም ማቅጠኛ መያዣዎች ላይ የሚጻፉት «ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል» የተባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው።

ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው ብሎ ቢገምት አያስወቅሰውም። በእንግሊዝኛ «ቪዚብል» የሚታይ፣ «ኢንቪዚብል» የማይታይ ነው፤ «ኮምፕሊት» የተሟላ፣ «ኢንኮምፕሊት» ያልተሟላ ነው። ከግዕዝ የተወረሰውን አፍራሽ «ኢ» «ኢሰብአዊ» እና «ኢፍትሐዊ» በሚሉት ቃላት ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይጠናበታል።

ይሁን እንጂ የሁለቱም ቃላት ትርጉም አንድ ነው፤ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ማለት ነው። «ኢንፍላመብል» የመጣው «ኢንፍላማሬ» ከተባለው፣ ማቀጣጠል የሚል ፍች ካለው የላቲን ግሥ ነው። በመነሻው ያለው «ኢን» አፍራሽ ሳይሆን ግሡን የሚያጠናክር ነው። ሐኪሞች «ኢንፍላሜሽን» የሚሉት የሰውነት መቆጣትም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። በዕድሜም ቀዳሚው ይኸው ቃል ሲሆን፣ «ፍላመብል» በጽሑፍ የታየው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው።

አሳሳችነቱን የተገነዘቡት የእሳት መከላከያ ባለሙያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር፣ በ1959 ደግሞ የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋም «ፍላመብል» እንዲመረጥ አሳሰቡ። የተባበሩት መንግሥታት በ2003 ያወጣው የኬሚካል ምልክቶች ሥርዓትም የሚጠቀመው በዚሁ ቃል ነው፤ ማንበብ ለማይችለውም በቀይ ክፈፍ ውስጥ ጥቁር ነበልባል አኑሮለታል። የማይቀጣጠለው ነገር «ነን-ፍላመብል» ይባላል። «ኢንፍላመብል» ግን ቁጡ ጠባይንና የጋለ ስሜትን ለመግለጽ ዛሬም ያገለግላል፤ በፈረንሳይኛም ተመሳሳዩ ቃል የዘወትር መጠሪያ ስለሆነ፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ምልክት ያለበትን ዕቃ የሚረከብ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ከሁለቱ አንዱ የበለጠ አደጋ ያመለክታል ማለትም ስሕተት ነው። የአደጋው መጠን የሚታወቀው ፈሳሹ የሚቀጣጠል ትነት መስጠት ከሚጀምርበት የሙቀት ደረጃ ነው። ይህ ለቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ለነጭ ጋዝ ከዜሮ በላይ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

እንግዲህ የባለሙያው ተግባር የባዕዱን ቃል መልክ አይቶ አለመተርጐም ነው። «ኢንፍላመብል» የሚለውን «የማይቀጣጠል» ብሎ የተረጐመ ሰው፣ የግምጃ ቤቱ ጠባቂ በበርሜሉ አጠገብ ክብሪት እንዲጭር ፈቀደለት ማለት ነው። በመያዣው ላይ «በቀላሉ እሳት ይይዛል» ተብሎ በግልጽ አማርኛ ቢጻፍ ግን ጠባቂው የላቲንን ሰዋስው ማወቅ አያስፈልገውም።