የሺአን ከተማና የደንጊያ መጻሕፍቷ



ስለ አንዲት የቻይና ከተማ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ነገሬን በሁለት ከፍዬ ለማቅረብ አሰብሁ። በመጀመሪያ እንግዳ ሰው በዚያች ከተማ በሆቴል ሲያድር የሚገጥመውን፥ ቀጥሎም ወጥቶ ሊያያቸው የሚገቡትን ቦታዎች እናገራለሁ። ከተማዪቱም ሺአን ናት። በዓለም ዘንድ ስሟ የተጠራው በሸክላ ወታደሮቿ ነው፤ ዳሩ ግን ለእኛ ለመምህራን ከወታደሮቹ ይልቅ የሚናገር ሌላ ነገር በውስጧ ስላለ፥ ከቻይና ከተሞች ሁሉ እርሷን መረጥሁ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሺአን ሻአንሺ የሚባለው ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ቻንግአን ነው፤ ትርጓሜውም «ረጅም ሰላም» ማለት ነው። የዛሬውን ስሟን ያገኘችው በ1369 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይህም «የምዕራብ ሰላም» እንደ ማለት ነው። ከ618 እስከ 907 ዓ.ም. በገዙት በታንግ ነገሥታት ዘመን ዋና መናገሻ ስለ ነበረች፥ በሐር መንገድ የሚመጡ ነጋዴዎች፥ መነኮሳትና መልእክተኞች ሁሉ ይሰበሰቡባት ነበር። በ2020 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በመላው የከተማዪቱ ግዛት ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተገኝቷል።

ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ቤይጂንግ የደረሰ ሰው፥ ከዚያ በፈጣኑ ምድር ባቡር ቢሳፈር ከ4 እስከ 6 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ሺአን ይገባል። ማረፊያውን በጥንቱ ቅጥር ውስጥ፥ የደወል ግንብ በሚባለው አካባቢ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ብዙውን ነገር በእግሩ ሄዶ ለማየት ይችላልና።

ሆቴል እንደ ገባ ፓስፖርቱን ለእንግዳ ተቀባዮቹ ይሰጣል። በአገሩ ሕግ መሠረት የውጭ አገር ሰው በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ማደሪያው በፖሊስ ዘንድ መመዝገብ ስላለበት፥ ይህን ሥራ ሆቴሉ ይፈጽምለታል። ብዙ ሆቴሎች መያዣ የሚሆን ገንዘብ ይቀበላሉ፤ እንግዳው ሲሄድ ይመለስለታል። ወደ ክፍሉ ሲወጣ በአሳንሰሩ ውስጥ አራተኛ ፎቅ የሚል ቍጥር ቢያጣ አይደነቅ፤ በቻይንኛ «አራት» የሚለው ቃል «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ፥ አንዳንድ ሕንጻዎች ይህን ቍጥር ይዘሉታል። በክፍሉ ውስጥ የሻይ ቅጠል፥ ነጠላ ጫማና የውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ተዘጋጅቶ ያገኛል። የቧንቧው ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም። ቁርሱ የእህል ገንፎ፥ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ፥ በሻይ የተቀቀለ እንቁላልና የአኩሪ አተር ወተት ነው። ለአስተናጋጆች ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም። በገበያም ቢሆን አብዛኛው ክፍያ በእጅ ስልክ የሚፈጸም ስለ ሆነ፥ መንገደኛ የባንክ ካርዱን ከዚሁ የስልክ መክፈያ ጋር ሳያያይዝ ባይነሣ መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ቀን የሚለመድ ነገር ነው። በአንድ ቀን የማይለመደው የጽሕፈቱ ነገር ነው። መምህር ሁሉ ማንበብን እንደ መተንፈስ ቈጥሮ ይኖራል፤ በሺአን ጎዳና ላይ ሲቆም ግን የሱቁ ስም፥ የአውቶቡሱ መድረሻ፥ የምግቡ ዝርዝር፥ የማስጠንቀቂያው ሰሌዳ ሁሉ ዝም ይሉበታል። ዕድሜ፥ ማዕረግና ዲፕሎማ በዚያ ሰዓት አይረዱም። እኔም ፊደል ያልተማረ ሰው በከተማ ውስጥ እንዴት ባለ ጭንቀት እንደሚመላለስ፥ ሀ ሁ ያልጀመረ ሕፃንም ሰሌዳውን ሲመለከት ምን እንደሚያይ፥ ብዙ ዓመት ካስተማርሁ በኋላ በሥጋዬ የተረዳሁት በዚያ ጎዳና ላይ ነው።

ባረፍሁበት ሆቴል በእንግዳ መቀበያው የምትሠራ አንዲት ወጣት፥ ስጠፋ ለታክሲ ነጂ የማሳየውን የሆቴሉን አድራሻ በካርድ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። በካርዱ ጀርባም «በር» የሚለውን ፊደል በሁለት ዓይነት ጻፈችልኝ፤ አንደኛው በ1956 ዓ.ም. ከወጣው ደንብ ወዲህ የቀለለው ነው፤ ሁለተኛው የጥንቱ ነው። የጥንቱ አጻጻፍ በእርግጥ ባለ ሁለት መዝጊያ በር ይመስላል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በደቡቡ የከተማ በር ላይ ቀና ብዬ ስመለከት፥ ከተጻፉት ሦስት ፊደላት አንዷን አወቅኋት። አንዲት ፊደል ናት፤ ደስታዋ ግን ትንሽ አልነበረም።

ይህ በር የሚገኝበት ቅጥር ከ1370 ዓ.ም. ጀምሮ በሚንግ ነገሥታት ዘመን የተሠራ ነው። ዙሪያው 13.7 ኪሎ ሜትር፥ ቁመቱም 12 ሜትር ያህል ነው፤ አናቱ ከመስፋቱ የተነሣ ሰዎች በላዩ ብስክሌት ተከራይተው ይጋልቡበታል። በመካከሉ በ1384 ዓ.ም. የተሠራው የደወል ግንብና በ1380 ዓ.ም. የተሠራው የከበሮ ግንብ ይታያሉ። ከከበሮው ግንብ በስተኋላ የሁዊ እስላሞች ሠፈርና ታላቁ መስጊዳቸው ይገኛሉ። መስጊዱ ጣሪያውም አደባባዩም በቻይና ሥርዓት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለማያውቀው ሰው የቻይና ቤተ መቅደስ ይመስለዋል። በዚሁ ሠፈር የሚበላ አንድ ምግብ አለ፤ እንግዳው ደረቅ ቂጣና ባዶ ሳሕን ይቀርብለታል፤ ቂጣውን በገዛ እጁ አድቅቆ ይቈርስና ለወጥ ቤቱ ይመልሳል፤ እርሱም የበግ ሥጋ መረቅ ጨምሮ አብስሎ ያመጣለታል። ፍትፍት ለሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሸክላ ወታደሮቹ እንሂድ። ቦታው ከከተማው በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1974 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ገበሬዎች የውሃ ጕድጓድ ሲቈፍሩ የሸክላ ስብርባሪ አገኙ፤ ከዚያም በቍፋሮ የሠራዊቱ ነገር ተገለጠ። ቍጥራቸው ወደ 8,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ያሠራቸው ቺን ሺ ኋንግ የተባለው፥ ቻይናን በ221 ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንድ አገዛዝ ሥር የጠቀለለ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ነው፤ በሞተ ጊዜም እንዲጠብቁት አብረውት ተቀበሩ። ብዙዎቹ ሲገኙ ተሰባብረው ስለ ነበር፥ ዛሬ ቆመው የምናያቸው በጠጋኞች ትዕግሥት የተነሡ ናቸው። ሥራው በጕድለት ቢገኝ ተጠያቂው እንዲታወቅ የሠሪዎቹ አለቆች ስም በአንዳንዶቹ ሰውነት ላይ ተቀርጿል። የንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ራሱ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ይህ ንጉሠ ነገሥት የክፍላተ ሀገሩን ልዩ ልዩ አጻጻፍ አንድ አደረገ፤ ሚዛኑንና መስፈሪያውንም አስተካከለ። ነገር ግን ይኸው ሰው በ213 ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ በአማካሪው በሊ ስ ምክር፥ ከሕክምና፥ ከጥንቆላና ከእርሻ መጻሕፍት በቀር በሕዝብ እጅ ያሉት የጥንት ዜማና ታሪክ የያዙ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። ሕዝቡን በአንድ ፊደል እንዲጽፍ ያደረገ እጅ፥ በዚያው ፊደል የሚነበበውን መረጠለት ማለት ነው። መሪ አስጎብኚዎች ስለ ወታደሮቹ ብዙ ይናገራሉ፤ መምህር ግን ይህንንም አስቦ ከጕድጓዱ ዳር ሊቆም ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ከቅጥሩ በስተደቡብ የሚገኘውን ታላቁን የዱር ዝይ ፓጎዳ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ባለ ሰባት ደርብ፥ 64 ሜትር የሚሆን የጡብ ግንብ መጀመሪያ የተሠራው በ652 ዓ.ም. ነው። የተሠራውም መጻሕፍትን ለመጠበቅ ነው። ሹዋንዛንግ የተባለ መነኩሴ፥ በአገሩ የሚነበቡት የቡድሃ መጻሕፍት ትርጕም እርስ በርሱ የማይስማማ ቢሆንበት፥ በበረሃ በኩል ወደ ሕንድ ሄዶ በ645 ዓ.ም. 657 መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ። የቀረውን ዘመኑን ሲተረጕም ኖረ። በዚህ ሰው ታሪክ ከሁሉ የሚደንቀኝ ርቆ መሄዱ አይደለም፤ ለትክክለኛ ንባብ ሲል መሄዱ ነው።

አሁን ከመጀመሪያ ወደ ጠቀስሁት ቦታ ደረስን። በደቡቡ በር አጠገብ፥ በጥንቱ የኮንፉሺየስ ቤተ መቅደስ ውስጥ «የሐውልቶች ጫካ» የሚባል ቤተ መዘክር አለ። ጽሕፈት የተቀረጸባቸው ደንጊያዎች እንደ ዛፍ ተደርድረው ስለ ቆሙበት ይህን ስም አገኘ። መሠረቱ በ1087 ዓ.ም. ተጣለ። ከደንጊያዎቹ አንዱ በ781 ዓ.ም. የቆመ ነው፤ በቻይንኛና በሱርስት ቋንቋ ተጽፎ፥ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ካህን አሎፔን በ635 ዓ.ም. ወደ ቻንግአን እንደ መጣና ክርስትና በዚያ እንደ ተሰበከ ይናገራል። በአክሱም የንጉሥ ኢዛናን የግእዝና የግሪክ ጽሑፍ ያየ ኢትዮጵያዊ፥ በዚህ ደንጊያ ፊት ሲቆም እንደ ባይተዋር አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጡት ግን በ837 ዓ.ም. ተቀርጸው የተፈጸሙት 114 ደንጊያዎች ናቸው። በሁለቱም ፊታቸው 12 የጥንት መጻሕፍት፥ 650,000 በሚሆኑ ፊደላት ተጽፈውባቸዋል። የቆሙትም በመናገሻው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነበር። በእጅ የሚገለበጥ መጽሐፍ በየጊዜው ስሕተት ስለሚገባበት፥ ተማሪ ሁሉ የራሱን መጽሐፍ የሚያርምበት አንድ እውነተኛ ቅጂ እንዲኖር ታስቦ ነው። እርጥብ ወረቀት በደንጊያው ላይ ይለጠፍና ቀለም ሲመታበት፥ መደቡ ጥቍር፥ ፊደሉ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ የፈለገ ገልብጦ ይሄድ ነበር። በእነዚህ ደንጊያዎች መካከል ስመላለስ በካርዴ ላይ የነበረችውን «በር» የምትለውን ፊደል ፈልጌ አገኘሁ፤ ከ1,100 ዓመት በላይ መልኳ አልተለወጠም።

በ1556 ዓ.ም. በዚያ አገር ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። የሞተው ሕዝብ 830,000 እንደ ሆነ ታሪክ ጸሓፊዎች መዝግበዋል። ከደንጊያ መጻሕፍቱም ብዙዎቹ ተሰበሩ፥ ፊደላት ጠፉ። ከ32 ዓመት በኋላ፥ በ1588 ዓ.ም.፥ የከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪና ተማሪዎች የጎደሉትን ፊደላት ከሌሎች ቅጂዎች ለቅመው፥ በትናንሽ ደንጊያዎች ላይ ቀርጸው ከተሰበሩት አጠገብ አቆሙ። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን በዚህ ጥገና ውስጥ ብዙ ስሕተት አገኙበት፤ የጥገናው ስሕተት በጥንቱ ጽሕፈት ላይ የተላከከበትም ጊዜ ነበር። ቢሆንም ጥገናው በተለየ ደንጊያ ላይ ስለ ቆመ፥ ጥንቱንና አዲሱን መለየት ተቻለ።

ክቡራትና ክቡራን፤ እኔ ከሺአን ይዤው የተመለስሁት ነገር ይህ ነው። ሠራዊቱን ያቆመ ንጉሥ ማንም እንዳያየው በምድር ውስጥ ቀበረው፤ ደንጊያዎቹ ግን ማንም መጥቶ እንዲያነብ በአደባባይ ቆሙ። ንጉሡ ላቃጠላቸው መጻሕፍት የኋላ ሰዎች በቃል ካጠኑ ሽማግሌዎችና ከተደበቀ ቅጂ ፈልገው ደረሱላቸው፤ ለደንጊያዎቹም ስብራት አንድ አስተማሪ ከተማሪዎቹ ጋር ደረሰ። ሥራቸው ፍጹም አልነበረም፤ የእኛም አይደለም። ነገር ግን የጎደለውን ፊደል አይቶ ዝም ብሎ ማለፍና ቀርጾ ማቆም አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ወደዚያች ከተማ ለመሄድ ዕድል የምታገኙ ባልንጀሮቼ፥ ለሸክላ ወታደሮቹ አንድ ቀን ከሰጣችሁ ለደንጊያ መጻሕፍቱም ሌላ ቀን ስጡ ብዬ አደራ እላለሁ። ከመሄዳችሁም በፊት ጥቂት ፊደል ተማሩ፤ በማያውቁት ጽሕፈት መካከል አንዲት ፊደል ማወቅ ምን እንደ ሆነ የቀመሰ አስተማሪ፥ በመጀመሪያው ክፍል የሚጀምሩትን ሕፃናት ሲመለከት ትዕግሥቱ ይበዛልና። የመሄድ ዕድል ያልገጠመንም ብንሆን፥ በየአገራችን ያሉትን የጽሕፈት ደንጊያዎችና የብራና መጻሕፍት ለተማሪዎቻችን ለማሳየት ፓስፖርት አያስፈልገንም።