የማጠቃለያው ገጽና ከቤት የሚመጡ ቃላት

(ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)




በየትምህርቱ መጽሐፍ፣ በየምዕራፉ መጨረሻ «ማጠቃለያ» የምትባል አንዲት ገጽ ትገኛለች። የምዕራፉ ፍሬ ነገርና ዋና ዋናዎቹ ቃላት ከነትርጓሜያቸው ተጠቅልለው የሚቀመጡት በርስዋ ላይ ነው። ፈተና በቀረበ ጊዜ ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ የምትነበበው፣ በደብተር የምትገለበጠውና በቃል የምትያዘው ይህችው ገጽ ናት። ጊዜ ያጠረው መምህርም ምዕራፉን ትቶ ገጺቱን ብቻ በሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚያስገለብጥበት ቀን አለ፤ ይህ ሲነገር አንገቱን የሚደፋ ሰው ከየትኛውም የመምህራን ጉባኤ አይታጣም።

ስለዚህች ገጽ ዘወትር የሚሰማው አቤቱታ ቃላቱ ከግእዝ የወጡና ለልጆች የከበዱ ናቸው የሚል ነው። «ብርሃን አስተጻምሮ»፣ «ኬክሮስ»፣ «ደንደሴ» እየተባለ ይቆጠራል። አቤቱታው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጉዳቱን ያለ ቦታው ይፈልገዋል። እንግዳ ቃል በመጣ ጊዜ ልጁ ይጠይቃል፤ መምህሩም እንደሚከብድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ያስረዳል። ማንም ሳያውቀው ልጁን የሚጥለው ከቤቱ ይዞት የመጣው፣ መምህሩም ታውቋል ብሎ የሚያልፈው ቃል ነው።

አንድ ዕጩ መምህር በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በሰሌዳ ላይ ሣለና «የዚህ መደብ ስፋት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ «5 ሜትር» አለች። ዕጩው «ተሳስተሻል፤ ተቀመጪ» ብሎ ሌላ ልጅ አስነሣ። ያም ልጅ «ስፋት ማለት ርዝመት ሲባዛ በወርድ ነው፤ መልሱ 40» ብሎ ተጨበጨበለት። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ግን 40ው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ «40 ሜትር» አለ።

ከሁለቱ ልጆች ለእውነቱ የቀረበችው የተቀመጠችው ናት። በእናትዋ አማርኛ የመንገድ ስፋት፣ የበር ስፋት፣ የጨርቅ ስፋት ሲባል ወርዱ ማለት ነው፤ ሰፊ መንገድ ሲባል ርዝመቱን አብሮ የሚቆጥር ሰው የለም። የሒሳብ መጽሐፍ ይህንኑ የቤት ቃል ወስዶ አንድን ገጽ ለሚሸፍነው ልክ ሰጠው። ቃሉ ጌታ መለወጡን ለልጅቱ የነገራት አልነበረም፤ በማጠቃለያውም ላይ የተጻፈው «ስፋት = ርዝመት × ወርድ» የሚል ብቻ ነበር።

ለዚህ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የገበሬ ልጅ ስፋትን ከመምህሩ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በሌላ ስም ነው፤ ይኸውም ጥማድ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ማሳው ቀጥኖ የረዘመ ቢሆን ወይም ጐኑ ሁሉ እኩል ቢሆን፣ ጥማድ ያው ጥማድ ነው። ልኩ እንደ አፈሩና እንደ አገሩ ቢለያይም በብዙ ቦታ ወደ ሩብ ሄክታር፣ ማለት ወደ 2,500 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም በያንዳንዱ ጐን 50 ሜትር የሆነ ማሳ ነው። ጥማድን የማያውቀው የከተማ ልጅ ደግሞ ከአሮጌ ጋዜጣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ገበታ እየቀጠለ ይሥራና በክፍሉ ወለል ላይ ያንጥፈው። ያን ጊዜ 40 የሚለው ቁጥር የገበታዎቹ ብዛት መሆኑን በዓይኑ ያያል። በማጠቃለያው ገጽ ላይ «ስፋት፦ በቤት ወርድ ማለት ነው፤ በሒሳብ ግን ገጹን የሚሸፍኑት ካሬዎች ብዛት ነው» ተብሎ ሁለቱም ፍቺ ጐን ለጐን ቢጻፍ አንድ መስመር ብቻ ይጨምራል።

በጂኦግራፊም እንዲሁ ነው። «የአየር ሁኔታ» እና «የአየር ንብረት» የሚባሉት ሁለት ቃላት በየዓመቱ በፈተና ይለዋወጣሉ። ንብረት ሲባል ልጁ የሚያስበው ቤትና ከብት ነው፤ አየር እንዴት ንብረት እንደሚኖረው ሳይገባው ትርጓሜውን በቃሉ ይይዛል። ሆኖም የቃሉ ሥር «ነበረ» ነው፤ ነበረ ደግሞ በግእዝ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። የዛሬው ዝናብና የነገው ፀሐይ የአየር ሁኔታ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ የኖረው የአንድ አገር የአየር ጠባይ ግን የአየር ንብረት ይባላል። ይህን ለመንገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ልጅ በግማሽ ቀን ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቁል ሄዶ፣ ጠዋት የተከናነበውን ጋቢ ከትከሻው ያወርዳል። ደጋና ቆላን ለዚህ ልጅ ከመጽሐፍ ማስተማር በእጁ ያለውን ነጥቆ መልሶ እንደ መስጠት ነው።

እንግዳ የሚባለው «ኬክሮስ» እንኳ ለአንዳንዱ ልጅ እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ኬክሮስ የጊዜ ልክ ነው፤ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ስለ ሆነ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል። ጂኦግራፊ ቃሉን ተውሶ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ለሚቆጠረው ዲግሪ ሰጠው። ጊዜ የሚቆጠረው ግን በሌላው መስመር፣ በኬንትሮስ ነው፤ ምድር በ24 ደቂቃ 6 ዲግሪ ትዞራለችና፣ ስሙ ለዚያኛው ደርሶት ቢሆን ኖሮ በተሻለ ነበር ያሰኛል። ኢትዮጵያ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ትገኛለች ተብሎ በማጠቃለያ ሲጻፍ ልጁ ሁለት ቁጥር ያጠናል። ልዩነቱ 15 ዲግሪ በመሆኑ በምሥራቁ ዳርቻ ፀሐይ ከምዕራቡ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማ ትወጣለች ቢባል ግን ቁጥሮቹ ነፍስ ይዘራባቸዋል።

በሳይንስ ክፍል «ትነት ማለት ምን ማለት ነው?» ሲባል «የፈሳሽ ወደ ጋዝ መለወጥ ነው» የሚለው መልስ እንደ መዝሙር በአንድ ድምፅ ይወጣል። ታጥቦ የተሰጣው ነጠላ ውኃው የት ሄደ ሲባሉ ግን እነዚያው ልጆች «ፀሐይ ጠጣችው» ይላሉ። በማሰሮ የፈላ ውኃ ብቻ ያሳያቸው መምህር ደግሞ ሌላ ስሕተት ይጨምርባቸዋል፤ ውኃ ካልፈላ አይተንም ብለው ያምናሉና። ስለዚህ ማሰሮውም ነጠላውም በአንድ ቀን መታየት አለባቸው።

ስለ መፍላት ከተነሣ፣ «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በብዙ ማጠቃለያ ላይ እንዲሁ ተቈርጦ ይገኛል። የተቈረጠው «በባሕር ጠለል ልክ» የሚለው ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሙቀት መለኪያውን በሚፈላው ውኃ ውስጥ ነክሮ 92 ያነበበ ተማሪ መሣሪያው ተበላሽቷል ተብሎ ይታለፋል፤ ስሕተቱ ግን የመጽሐፉ ነው። ባቄላ በደጋ ለምን ቶሎ እንደማይበስል የዚያ ልጅ እናት ታውቃለች፤ ምክንያቱን ሊነግራት የሚችለው ልጅዋ ነበር።

ጉልበት፣ ኃይልና አቅም የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። በገበያ ስለ አንድ በሬ ሲነገር ሦስቱም አንድ ናቸው፤ በሳይንስ ግን ለየራሳቸው ልክ አላቸው። በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህራን እንኳ ቃላቱን አንዱ በሌላው ቦታ ሲጠቀሙ ይሰማሉ። ዓመቱ ሳይጀመር የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው መጽሐፉ ለየትኛው ነገር የትኛውን ቃል እንደ መረጠ ቢስማሙ ልጆቹ ከብዙ ጭንቅ ይድናሉ።

ነገሩ ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ መዘዝ አለው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከተወሰነ ወዲህ፣ በአማርኛ የተማረው ልጅ እንደየክልሉ በ7ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ስፋት ምን እንደ ሆነ የገባው ልጅ በዚያ ጊዜ የሚጠብቀው አንድ ዐዲስ ስም ብቻ ነው። ትርጓሜውን በቃሉ የያዘው ግን ያጠናው አማርኛ አይረዳውም፤ እንግሊዝኛውም የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። መምህሩም «እንግሊዝኛው ደካማ ነው» ብሎ ይጽፍበታል።

እንግዲህ የማጠቃለያው ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ ታትሞ ቢመጣም፣ በክፍል ውስጥ እንደ ገና መሠራት ይኖርበታል። የሚሠራውም ምዕራፉ ካለቀ በኋላ፣ ልጆቹ ነገሩን ካዩና ከነኩ በኋላ ነው። ለአንድ ምዕራፍ ከስምንት ወይም ከዐሥር ቃል በላይ አይሻም። መምህሩ ቃሉን ይጽፋል፤ በቤት ምን ይባልበታል ብሎ ልጆቹን ይጠይቃል፤ የትምህርቱን ፍቺ አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ከሰፈሩ የወሰደውን አንድ ምሳሌ በገዛ እጁ ይጽፍበታል። መጽሐፍ ለማያነበው ለአባቱ ወይም ለአያቱ ሲያስረዳ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ይመረጣል። ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይህን ሁሉ ደብተር ማረም የማይቻል ነው የሚል መምህር ቢኖር እውነቱን ነው፤ በሳምንት ዐሥር ደብተር ብቻ ቢያይ እንኳ ቃሉ የት ላይ እንደ ተሰበረ ለማወቅ ይበቃዋል።

ደብተሩ በዓመቱ መጨረሻ አይጣል፤ ለሚቀጥለው ክፍል መምህር ይተላለፍ። ያች «5 ሜትር» ያለችው ልጅ ወደሚቀጥለው ክፍል ስትገባ ዐዲሱ መምህርዋ ደብተርዋን ከፍቶ፣ «ስፋት» በሚለው ቃል አጠገብ መጀመሪያ የጻፈችውን፣ ኋላም ሰርዛ በላዩ ያሰፈረችውን ያነባል፤ ትምህርቱንም ከዚያ ይቀጥላል።