ስለ ጥለት ትምህርትና ስለ እጅ ሥራ ክብር



ልብስ ገላን ከመሸፈን በላይ ሥራ አለው። በኢትዮጵያ የነጠላ ጥለት እንደ ፊደል ይነበባል። በኀዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ይዞራል፤ በደስታ ቀን ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ጥለቱ በምን ዓይነት ትምህርት እንደሚሠራ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

በሐይቅና በአምባሰል፥ እንደ ሌላውም የወሎ አገር፥ በቀደመው ልማድ መፍተል የሴቶች፥ መሸመን የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ድሩ በቁመት ይዘረጋል፤ ማጉም በቀሰም ተጠቅልሎ፥ በመወርወሪያ ውስጥ ሆኖ፥ በድሩ መካከል ይመላለሳል። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ድሩን በእግሩ እየከፈተና እየዘጋ ይሠራል። ባለ ቀለም ክር በቀላሉ በማይገኝበት በ19ኛው ምእት ዓመት፥ ሸማኔዎች ከባሕር ማዶ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። አንዱን ልብስ ማፍረስ ሌላውን ለማስጌጥ ሆነ ማለት ነው።

የጥለቱ ጥበብ ግን በመወርወሪያ ብቻ አይወጣም። ሸማኔው ከድሩ ክሮች የሚፈልጋቸውን ቆጥሮ በጣቱ ያነሣል፤ ባነሣቸውም ሥር ባለ ቀለሙን ክር ያስገባል፤ ቀጥሎም ነጩን ማግ ወርውሮ ያጠብቀዋል። አዲስ ጥበብ የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከገበያ ያየውን ነጠላ በዓይኑ ብቻ ሊመስለው ይሞክራል። አዋቂው ሸማኔ ግን ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ይመረምራል፤ ክሩ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደ ገባ የሚታወቀው በዚያ ነውና። ከዚያም በኋላ ይቆጥራል።

ለምሳሌ እንደ ደረጃ እየሰፋ ወጥቶ እየጠበበ የሚመለስ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ነው እንበል። በመጀመሪያው መስመር 1 ክር ይነሣል፤ በሁለተኛው 3፤ በሦስተኛው 5፤ በአራተኛው 7፤ ከዚያም 5፥ 3፥ 1 እያለ ይመለሳል። እስከ አራተኛው ድረስ ያለው ሲደመር 16 ነው፤ ይህም 4 ጊዜ 4 ነው። የመመለሻው 9 ነው፤ ይህም 3 ጊዜ 3 ነው። ሁለቱ በአንድነት 25 ይሆናሉ፤ ይህም 5 ጊዜ 5 ነው። እንግዲህ መምህሩ በሰሌዳ ላይ በብዙ ድካም የሚያስረዳው ሒሳብ በሸማኔው ጉልበት ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

ልጁ በሦስተኛው መስመር ላይ 5 በማንሣት ፋንታ 6 ያነሣ እንደ ሆነ፥ መካከሉ ይጠፋል፤ ቅርጹም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስሕተቱን የሚያየው ግን በዚያው ሰዓት አይደለም፤ ብዙ መስመር ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገባውን ክር በተራው እያወጣ እስከ ሦስተኛው መስመር ድረስ መፍታት ይገባዋል። ለመፍታት የሰነፈ ሰው ስሕተቱን ይሸምናል፤ ነጠላውም እስኪያረጅ ድረስ ስሕተቱ አብሮ ይኖራል። የዜማ ተማሪም አንዲት ምልክት የሳተ እንደ ሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀጽላል። የሁለቱ ትምህርት ሥርዓት አንድ ነው።

ሐይቅ የትምህርት አገር መሆኗ የታወቀ ነው። በ13ኛው ምእት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። በጥንት የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለውን ሐረግ የተመለከተ ሰው፥ መስመሩ በመስመር ላይ እየተጠላለፈ ሲሄድ አይቶ ጥለትን ማስታወሱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሐረግ የሣለው እጅ ሲከበር፥ ጥለት የሸመነው እጅ ብዙ ዘመን ተሰድቧል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማውጣታቸው፥ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በሌላው ዓለም የሸማኔ ቁጥር የደረሰበትን ማስተዋል ይገባል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1804 ዣካር የተባለ የሊዮን ከተማ ሰው፥ ቀዳዳ ባለው ወፍራም ወረቀት ክሩን እየመረጠ የሚያነሣ የሽመና መኪና አወጣ። እንግሊዛዊው ባቤጅም ለሒሳብ መኪናው ንድፍ ይህንኑ ዘዴ ወሰደ። ዛሬ ኮምፒውተር የሚባለው መሣሪያ ከሽመና ጋር የሚዛመደው በዚህ መንገድ ነው።

በመንደር ትምህርት ቤት ያለው ችግር ግን ሩቅ አይደለም። የሸማኔ ልጅ አባቱ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ከሆነ፥ ሁለት ነገር ይጠፋል። ልጁ በቤቱ የለመደውን ቁጥር ወደ ትምህርት ቤት ይዞ አይመጣም፤ ሥራውም ወራሽ ያጣል። አባት ሲሞት ያልተጻፈው ጥበብ አብሮት ይቀበራል፤ መጽሐፍ ቢጠፋ ቅጂ ይገኝ ይሆናል፤ በጣት ላይ ብቻ ያለ ዕውቀት ግን ቅጂ የለውም።

ስለዚህ መምህራን በሒሳብ ሰዓት አንድ ነጠላ ከፊታቸው ዘርግተው ልጆቹ ጥለቱን እንዲቆጥሩና በባለ ካሬ ወረቀት ላይ እንዲያወጡት ቢያደርጉ፥ ትምህርቱም ይቀናል፥ ጥበቡም ይጻፋል። ሴቶች ልጆችም ወንዶችም በአንድነት ይቁጠሩ፤ ቁጥር ሴትና ወንድ አይለይምና። ሽማግሌዎችም የአካባቢውን አዋቂ ሸማኔ ወደ ትምህርት ቤቱ በክብር አምጥተው፥ ከመምህሩ ጎን ወንበር ይስጡት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ሁልጊዜ ስለ ኅብረት ይነገራል። ሸማኔ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ድር የሚያብረው እያንዳንዱ ክር ተቆጥሮ በየቦታው ሲቆም ነው። በትምህርት ቤትም የሸማኔው ልጅ ቦታ አለው፤ እርሱም ይቆጠር።