አምፖሉ ሲቀየር
አቅራቢዋ፦ ከቂርያት ማላኪ ወደ ገዴራ በ40 ቁጥር መንገድ ማታ ማታ የሚነዱ አድማጮቻችን የፊት መብራታቸውን ከሃሎጅን ወደ ኤልኢዲ ሲቀይሩ መብራቱ ይርገበገባል፣ ዳሽቦርዱም አምፖል ተቃጥሏል ይላል። ኤልኢዲ እኮ የሚስበው ኃይል ትንሽ ነው፤ ታዲያ ምን ያስቸግራል፣ ወንድሜ?

አቅራቢው፦ ጣጣው ትንሽነቱ ነዋ፣ እኅቴ! 55 ዋት የለመደ የመኪና ኮምፒውተር ግማሹን እንኳ የማይስብ አምፖል ሲገጠምለት የተቃጠለ ይመስለዋል። ለፍተሻ የሚልከው ኃይል የሚቆራረጥበት ቅጽበትም የሃሎጅኑን ክር ለማቀዝቀዝ አይበቃም፤ ኤልኢዲ ግን በየቅጽበቱ ይጠፋል፣ ይበራል። ሬዚስተር መጨመር ይበቃል የሚሉ አሉ። ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተቆጠበውን ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ከብረት ጋር ካልታሰረ በአጠገቡ ያለውን ፕላስቲክ ሊያቀልጥ ይችላል። ኮምፒውተር የማይቆጣጠረው አሮጌ መኪና ከሆነ ደግሞ ሌላ አምፖል ከመግዛት በፊት መብራቱን አብርቶ ከአምፖሉ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ በመልቲሜትር መለካት ነው፤ ግማሽ ቮልት ከታየ ጥፋቱ የኔጌቲቩ መስመር ላይ ነው፤ ምናልባትም ማሰሪያው ዝጓል።

አቅራቢዋ፦ መርገብገቡ ከቆመስ አለቀ ማለት ነው?

አቅራቢው፦ የለም። ለሃሎጅን የተሠራ አንጸባራቂ የኤልኢዲን ብርሃን ሊበትነውና ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ሊያሳውር ይችላል፤ ያንን መልቲሜትር አያሳይም።