እሳቱን የሚከበው ግድግዳ

ቀዳማዊ ተናጋሪ፦ ፀሐይ የምትበራበትን የአተሞች ውሕደት በምድር ላይ ለመፈጸም የሚደክሙት ሊቃውንት፥ ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ የሚግለውን ፕላዝማ በማግኔት ኃይል ቢይዙትም፥ ዙሪያውን የሚከበው ግድግዳ ከምን ይሠራ የሚለው ዛሬም ዐቢይ ጥያቄያቸው ነው። እኅቴ፥ ቀድሞ የተመረጠው ካርቦን ስለ ምን ተተወ?

ካልዕት ተናጋሪ፦ ሙቀትን ቢችልም፥ ለነዳጅነት የሚያገለግለውን ብርቅ ትሪቲየም በውስጡ ስለሚያስቀር ነው፤ ስለዚህም በእንግሊዝ አገር በኩልሃም የነበረው፥ ጄት የተባለው የውሕደት መሣሪያ፥ በፈረንጆች 2011 ዓ.ም. ቤሪሊየምና ተንግስተን ለብሶ ሥራውን ቀጠለ።

ቀዳማዊ ተናጋሪ፦ በአምፖል ውስጥ ክር ሆኖ የሚበራው ተንግስተን እኮ 3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይቀልጥም። ታዲያ ምን እንከን ተገኘበት?

ካልዕት ተናጋሪ፦ ከግድግዳው ተፍቆ ወደ ፕላዝማው እምብርት የገባ አተም፥ 74ቱ ኤሌክትሮኖቹ በዚያ ሁሉ ግለት እንኳ ተገፈው ስለማያልቁ፥ የቀሩት ጨረር እየረጩ ሙቀቱን ያባክናሉ፤ በፕላዝማው ውስጥ ከዐሥር ሺህ አተሞች ጥቂቶቹ ተንግስተን ቢሆኑ እንኳ እሳቱን ለማጥፋት ይበቃሉ።

ቀዳማዊ ተናጋሪ፦ ይህ እየታወቀ፥ በፈረንሳይ የሚታነጸው፥ ኢተር የተባለው የውሕደት መሣሪያ በ2023 የግድግዳውን ቤሪሊየሙን በተንግስተን ለመተካት መረጠ።

ካልዕት ተናጋሪ፦ መልካም አደረገ እላለሁ፤ የቤሪሊየም ብናኝ ሳንባን ይጎዳልና። ዌስት የተባለው ጎረቤቱ መሣሪያም ተንግስተን እንደ ለበሰ በ2025 ፕላዝማውን 1,337 ሴኮንድ ጠብቆ አቆይቷል።

ቀዳማዊ ተናጋሪ፦ እንግዲያስ ስለ እሳቱ የሚወጣው ገንዘብና ድካም፥ ስለ ግድግዳውም ሳይሰሰት ሊወጣ ይገባዋል።