ስለ ሴቶች ጠጉርና ስለ ሰው እጅ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ርእሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። «የአገሩ ችግር ሁሉ አልቆ ነው ወይ ስለ ጠጉር የምንሰበሰበው?» የምትሉም አትጠፉም። ቢሆንም ጥቂት ታገሡኝ።

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ፥ ከኋላዋ ያለ ጐረምሳ የጉንጉኗን ጫፍ ሳብ ማድረጉ የተለመደ ነው። ዞር ብላ ብትቆጣው «ወድጄው እኮ ነው፤ ምን ያስቆጣል?» ይላታል፤ ተሳፋሪውም ይስቃል። በተማሪውም መካከል ቅቤ የተቀባችውን ልጅ ጠጉር ነክቶ ጣቱን የሚያሸት፥ የሻሿን ወይም የሒጃቧን ጫፍ ለጨዋታ የሚጎትት አለ። ከሴቶችም ቢሆን «የራስሽ ነው ወይስ ዊግ?» እያሉ እጃቸውን የሚሰዱ አሉ።

ጠጉር ግን በአገራችን ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። በአማራው ባላገር ዘንድ ሳዱላ የሆነችው ልጅ አለማግባቷ ከራሷ ላይ ይታወቅ ነበር። የሐረር ባለትዳር ጠጉሯን ከሁለት ከፍላ ከጆሮዋ ኋላ ትጠቀልልና በጉፍታ ትይዘዋለች። የሐመር ሴት በቅቤና በቀይ አፈር ታሸዋለች። እዚህ ባሌም እናቶቻችን ልጅን ከጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው ቅቤ እየቀቡ ሲጐነጉኑ ግማሽ ቀን ያልፋል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የሚነካት እጅ የታወቀ ነው፤ እናቷ ናት፥ እኅቷ ናት፥ ወይም ሠሪዋ ናት።

ዐፄ ቴዎድሮስን አስቡ። ባለ ሹሩባው ንጉሥ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከራሳቸው የተቈረጠ ጠጉር ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከ151 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያን ጊዜ «ሁለት ዘለላ ጠጉር ምን አለው?» ብሎ የተሣለቀ ሰው እኔ አልሰማሁም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ጥቁር ሴቶች በመሥሪያ ቤትና በባቡር ውስጥ ሳይጠየቁ ጠጉራቸው እንደሚዳሰስ ዘወትር ያማርራሉ። ከእኛ ዘንድ ሄዶ እዚያ የሚማር ወንድማችንም ፈረንጅ ጎፈሬውን ቢዳብሰው «እኔ የሙዚየም ዕቃ ነኝን?» ብሎ ይቆጣል፤ መቆጣትም ይገባዋል። ታዲያ ያው ወንድማችን ሮቤ ሲመለስ የታክሲዋን ልጅ ቁጣ ለምን ኩራት ይለዋል? እዚያ የቆዳ ቀለም ነው ብንል፥ እዚህ ምን እንበለው? እኔ የወንድ ልጅ እጅ ፈቃድ አያስፈልገውም የሚል የቆየ ልማድ ነው እላለሁ።

«መነካካት ባህላችን ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት ነው፤ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን፥ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሄዳለን፤ እኔም ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ነገር ግን ሰላምታ ሲሆን አንዱ ይዘረጋል፥ ሌላው ይቀበላል። ከኋላ የመጣውን እጅ ማን ተቀበለው?

«ልንካው?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው፤ እጁን አስቀድሞ ጠጉሯ ላይ አሳርፎ የሚጠይቅ ግን መልሱን ሳይሰማ ወስዷል። «አይሆንም» ያለችውንም ልጅ አታኩርፉባት፤ ስለ ፈተናው የጀመራችሁትን ጨዋታ ቀጥሉ። በታክሲው ውስጥ ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲከራከርላት አልጠይቅም፤ ከመሣቅ ይልቅ «አንተ ልጅ፥ እጅህን ሰብስብ» የሚል አንድ ሰው ይበቃታል።