ለሃሎዊን ማታ ያለ ምድጃ ስለሚዘጋጅ የልጆች መክሰስ

(በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ንግግር። ሥራ ላይ ውላችሁ መገኘት ላልቻላችሁ እንዲደርሳችሁ በሰሌዳው ተለጥፏል።)



ከሁሉ አስቀድሞ፣ በዚህ ብርድ ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደዚህ ስለመጣችሁ ማኅበራችሁ ያመሰግናል። አጭር ነው የምንናገረው ብለን ነበር። ነገር ግን በየደረጃው ላይ የሚጠይቁን ሰዎች ስለ በዙ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡን።

እንደሚታወቀው ኦክቶበር 31 ቀን ማታ በዚህ አገር ሃሎዊን የሚባለው ነው። ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከበር በር እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። ልማዱን ወደ አሜሪካ ይዘውት የመጡት በተለይ የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች ናቸው። በአገራቸው ፋኖሱን የሚጠርቡት ከሥራሥር ነበር፤ እዚህ ሲመጡ ዱባ አገኙና ወደ ዱባ ዞሩ። ዱባው ለመጥረብ ይቀላል፣ ትልቅም ነው። (ለወጥ ግን የሚጠረበው ትልቁ ዱባ ውሃ ይበዛበታል፤ ለወጥ ትንሹን ግዙ። ተጠርቦ በረንዳ ላይ የሰነበተውንማ ማንም እንዳይበላው።)

ከመካከላችን ይህን በዓል የማይወዱ አሉ። የሰይጣን ነገር ነው፣ ልጄን አላስነካም የሚሉ አሉ፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም ወገን። ሌሎች ደግሞ የልጆች ጨዋታ ነው፣ ልጄ በትምህርት ቤት ብቻውን ለምን ይቀራል ይላሉ። ማኅበሩ በዚህ ላይ አይፈርድም። የየቤቱ ነገር የየቤቱ ነው። ልጁን የማይልክ ሰው አይወቀስም፣ የሚልክም አይሰደብ። ከበር በር መዞሩ ራሱ እኮ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ እየዞርን ሙልሙል የተቀበልን ሰዎች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሞልተናል። ልዩነቱ ሙልሙሉ ከምድጃ ይወጣል፤ የእኛ አዳራሽ ደግሞ ምድጃ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ። አዳራሹ ያለው አንድ የውሃ ገንዳ፣ አንድ ፍሪጅና አንድ ማይክሮዌቭ ነው። ልጆቹ ለዙረት ከመውጣታቸው በፊት ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ (በዚህ አገር አቆጣጠር 4 ሰዓት) እዚሁ ተሰብስበው እንዲበሉ ተስማምተናል። ሆዱ የሞላ ልጅ ከረሜላውን በመንገድ ላይ አይጨርሰውም። ከሥራ 9 ሰዓት የምትወጣ እናት ግን ኬክ ጋግራ ልትደርስ አትችልም። ስለዚህ የምንፈልገው በሃያና በሠላሳ ደቂቃ የሚያልቅ፣ ልጁም እጁን ታጥቦ አብሮ የሚሠራው ነገር ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን እንናገር። በሶ አለን። ከዚህ የተሻለ ያለ ምድጃ የሚሠራ ምግብ በዓለም ላይ ያለ አይመስለንም! ሁለት ኩባያ በሶ፣ ቁንጥር ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሩብ ኩባያ ማር ወይም ስኳር የሟሟበት ውሃ፤ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ እጅ ላይ እስኪጨበጥ ድረስ ማሸት። ውሃውን አንድ ጊዜ ያፈሰሰ ሰው ጭብጦ ሳይሆን ገንፎ ያገኛል። ሲጨበጥ እንደ ትልቅ የወይን ፍሬ ድብልብል ይደረጋል፣ ሁለት የዘቢብ ቁራጭ ለዓይን ይሰካል፣ በግራና በቀኝ አራት አራት ቀጫጭን የፕሬትዝል እንጨት ይሰካበታል፤ ሸረሪት ሆነ። መልኩ ራሱ ቡናማ ስለሆነ ቀለም አይፈልግም። እግሩ ስምንት ነው፤ ስድስት አድርጎ የሠራ አባት በልጆቹ ይታረማል። ፕሬትዝሉን የምትሰኩት ልትበሉ ስትሉ ይሁን፤ ቀድሞ ከተሰካ ይረጥብና ይልፈሰፈሳል። ሙት መንፈስ መሥራት የፈለገ ደግሞ ድብልብሉን በተፈጨ ነጭ ኮኮናት ላይ ያንከባልለው።

ጨው ብቻ የለመደ አዋቂ፣ ማር ለምን ገባ ይላል። ለአዋቂው በበርበሬና በዘይት ለብቻው ይታሽ። ለልጆቹ ግን ማሩ ነው።

በሶን ያስቀደምንበት ሌላም ምክንያት አለ። በየስልኩ የሚታየው “የማይጋገር ኩኪ” የሚባለው አንዳንዱ በጥሬ የስንዴ ዱቄት የሚታሽ ነው። ጥሬ ዱቄት ዱቄት ስለሆነ ብቻ ንጹሕ አይደለም። ከእርሻ የመጣ ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ ጀርሙን የሚገድለው መብሰሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ አገር በበርካታ ክፍላተ ሀገር ሰዎች ኢ. ኮላይ በሚባለው ጀርም ታመው፣ ምክንያቱ ዱቄት ሆኖ ተገኝቶ፣ ብዙ ዱቄት ከገበያ ተሰብስቧል። ጥሬ እንቁላልም እንደዚሁ ነው። የእኛ በሶ ግን ገብሱ ተቆልቶ ነው የተፈጨው፣ ጥሬ አይደለም። እንግዲህ ጥሬ ዱቄት ወይም ጥሬ እንቁላል የገባበት ነገር ወደ አዳራሹ እንዳይመጣ እናሳስባለን።

ቀላሎቹን በአጭሩ እንንገራችሁ። ሙዝ ይላጥና ለሁለት ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ወገን ወደ ታች ሆኖ ይቆማል፣ ሁለት ትንንሽ የቸኮሌት ፍሬ ለዓይን፣ አንድ ለአፍ፤ ይኸው ሙት መንፈስ። ቶሎ ስለሚጠቁር ሎሚ ይነካ። መንደሪን ተልጦ አናቱ ላይ የአረንጓዴ ሴለሪ ቁራጭ ሲሰካ ዱባ ይመስላል፤ ይህንን የአራት ዓመት ልጅ ብቻውን ይሠራዋል። የፕሬትዝል እንጨት በቀለጠ ነጭ ቸኮሌት ውስጥ ተነክሮ በሰም ወረቀት ላይ ተጋድሞ ፍሪጅ ሲገባ አጥንት ይሆናል። ቸኮሌቱ በማይክሮዌቭ የሚቀልጠው በየሠላሳ ሴኮንዱ እያወጡ በማማሰል ነው። አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባችበት ይጓጉላል፤ ስለዚህ ሳህኑም ማንኪያውም ደርቆ ይጠረግ።

ፈንዲሻማ ማንን እናስተምራለን? ለቡና የምናቀርበው ያው ነው። ለምግብ የተሠራ፣ ዱቄት የሌለበት ስስ የፕላስቲክ ጓንት ይገዛና በየጣቱ ጫፍ አንድ አንድ ዘቢብ ለጥፍር ይገባል፣ ከዚያ በፈንዲሻ ይሞላል፣ የእጅ አንጓው ላይ በሪባን ይታሰራል። የሬሳ እጅ ይሆናል። እማማዎቻችን ሲያዩት እንደሚያማትቡ እናውቃለን፤ ልጆቹ ግን በጣም ነው የሚወዱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን፤ እባካችሁ ጸጥ ብላችሁ አድምጡ።

አምና ከሕንጻችን አንዲት ልጅ ልደት ተጠርታ ሄዳ በኦቾሎኒ ቅቤ የተጣበቀ ብስኩት በላች። ከንፈሯ አበጠ፣ ድምፅዋ ጠፋ። እናትየዋ መርፌውን በቦርሳዋ ይዛ ስለነበር ጭኗ ላይ ወጋቻት፣ 911 ተደወለ፣ ልጅቷ ተረፈች። ብስኩቱን የሠራችው ሴት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። እኛ አገር ለእንግዳ ምግብ አቅርቦ “ይኼ ይጎዳሃል ወይ?” ብሎ መጠየቅ ልማድ አይደለም፤ እንዲያውም እንቢ ያለውን አጉርሶ ነው የምንልከው። በዚህ ነገር ላይ ግን ጉርሻ ይቅር። የሰው ልጅ “አልበላም” ካለ አይለመን፣ አይጎረስም።

በዚህ አገር ሕግ በፋብሪካ ምግብ ላይ ተለይተው መጻፍ ያለባቸው ዘጠኝ ናቸው፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና መሰሎቹ፣ እንደ አልመንድና ካሹ ያሉት የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ። ሰሊጥ የተጨመረው እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ሰሊጥን ለይተን የምንናገረው፣ እኛ ቤት በየቆሎውና በየዳቦው ስለሚገባና ማንም እንደ አደጋ ስለማይቆጥረው ነው። በሶም ቢሆን ገብስ ነውና ግሉተን አለው፤ ሲሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ልጅ አይበላውም። ለእሱ ፍራፍሬውና ፈንዲሻው ይቅረብለት።

ስለዚህ ወደ አዳራሹ ኦቾሎኒም ሌላ ለውዝም ሰሊጥም አይገባም። ከሱቅ የተገዛ ከሆነ ካርቶኑ አይጣል፣ ከሳህኑ አጠገብ ይቀመጥ፤ ወላጅ አንብቦ ይወስናል። ማንበብ የማይችል ወይም እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ካለ ልጆቹን ወይም እኛን ይጠይቅ፤ ነውር የለውም። መርፌ ያለው ልጅ ወላጅ መርፌውን ይዞ ይምጣ፣ የት እንዳስቀመጠውም ለሁለት ሰው ይንገር። መርፌው ከተወጋም በኋላ 911 መደወል ግዴታ ነው፤ ተሻለው ተብሎ አይቀመጥም።

ለአለርጂ ልጆች በዚህ አገር አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ተሰራጭቷል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዱባ በር ላይ ከተቀመጠ፣ “እዚህ ቤት ከምግብ ሌላ ስጦታ አለ” ማለት ነው። እርሳስ፣ ተለጣፊ ሥዕል፣ ትንሽ ኳስ የመሳሰለ። ዱባ መግዛት ያልፈለገ ወረቀት ቀብቶ ይለጥፍ። ልጅዋ ምንም ሳይቀበል ከበር በር ሲሄድ ያየች እናት ይህ ምን ያህል እንደሆነ ታውቀዋለች።

ቀጥሎ ስለ ማርሽማሎው። ብዙዎቻችሁ የማትጋገረውን የሩዝ ቁርስ ከረሜላ፣ ማለትም የተፈነዳውን ሩዝ ከቀለጠ ማርሽማሎው ጋር አጣብቀው የሚቆርጡትን ለማምጣት አስባችኋል። ማርሽማሎው የሚሠራው በጄላቲን ነው፤ ጄላቲኑም በዚህ አገር ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ቆዳ የሚወጣ ነው። በትል ቅርጽ የሚሸጡት ለስላሳ ከረሜላዎችና የበቆሎ ቅርጽ ያላት ባለ ሦስት ቀለም ከረሜላ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። የእስላም ጎረቤቶቻችን ልጆች ይህን አይበሉም፤ እኛም የኦርቶዶክሶቹ ብንጠየቅ አሳማ አንበላም፣ ግን ሳናነብ እያበላን ነው። ሐላል የተጻፈበት፣ በከብት ወይም በዓሣ ጄላቲን የተሠራ ማርሽማሎው በሐላል ሱቆች ይገኛል። (የዓሣው ለዓሣ አለርጂ ላለበት አይሆንም።) ያንን ያላገኘ ሰው ማርሽማሎውን ይተወው። አንድ ልጅ ከጓደኞቹ መሐል ተነስቶ “እኔ አይፈቀድልኝም” እንዲል ማድረግ ለአንድ ከረሜላ አይገባም።

ጾምም አለ። ኦክቶበር 31 አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ጥቅምት 21 ነው፤ የእመቤታችን ቀን። ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሲውል፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓርብ እንደዋለው፣ የሚጾሙ ቤተሰቦች ወተትና ቅቤ ያለበትን አይነኩም። ነጭ ቸኮሌት ወተት አለው። ጥቁሩ ቸኮሌት ውስጥ ወተት የሌለበት ይገኛል፣ ግን ጀርባው ይነበብ። በሶው፣ ሙዙ፣ መንደሪኑና ፈንዲሻው በቅቤ እስካልተሠሩ ድረስ ለጾመኛውም ለማይጾመውም ይሆናሉ።

ስለ ሕፃናት። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻ፣ ጠንካራ ከረሜላና ሙሉ የወይን ፍሬ አይሰጥ፤ ጉሮሮ ይዘጋል። ወይኑ ወደ ቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ። ዘቢቡንም ከበሶው ላይ አንሱላቸው። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይቀመስም። አያቶች “እኛ ለልጆቻችን አቅምሰናል” ማለታችሁ አይቀርም፤ አክብረን እንሰማለን፣ ግን አይቀመስም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ዘር የሕፃኑን አንጀት ገብቶ ጡንቻውን የሚያዝል መርዝ ያወጣል፤ ዓመት ካለፈው አንጀቱ ይቋቋመዋል።

እንዲሁም አይብ፣ ክሬምና ፑዲንግ ያለበት ነገር ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ለጭስ ብሎ ደረቅ በረዶ መጠጡ ውስጥ ሊጨምር ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ደረቅ በረዶ የተዋጠ እንደሆነ ሆድ ዕቃን ያቃጥላል። ጭስ ካስፈለገ ዕጣኑ አለ።

ሥራውን በሚከተለው መንገድ ከፍለነዋል። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ በሶ፣ ፕሬትዝልና ዘቢብ፤ ሦስተኛ ፎቅ ፍራፍሬ፤ አራተኛ ፎቅ ፈንዲሻና ጓንት፤ አምስተኛ ፎቅ ውሃ፣ ሳህንና ናፕኪን። ፈንዲሻው በቅቤ ሳይሆን በዘይት ይፈንዳ። ወጣቶች ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፣ ሲያልቅም እነሱው ያጸዳሉ፤ አዳራሹን ቆሻሻ ትቶ መሄድ ስላስወቀሰን ነው።

የስም መመዝገቢያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተሰቅሏል። ከልጁ ስም ጎን “የማይበላው” የሚል ቦታ አለ፤ ባዶውን አትተዉት፣ ምንም ከሌለ “የለም” ብላችሁ ጻፉ። እርሳሱ በክር ታስሯል፣ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት